ካርታ ለሁለት ሲከፈል የቀያሹ ሂሳብ ስንት ይመጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ቦታ መክፈልና ቀያሽ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለነሱ ሰጥተነዋል። አንዳንዱን ደብዳቤ አሳጥረነዋል፣ የአንዳንዱን ቁጣም ቀነስ አድርገነዋል፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አባታችን የካ ውስጥ 400 ካሬ ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ) ላይ ያለ አሮጌ ቤት ትተውልን አርፈዋል። ወራሾቹ እኔና ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነን፣ የወራሽነት ማረጋገጫም ከፍርድ ቤት አውጥተናል። ፀብ የለንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተስማምተን ለሁለት ልንከፍለው ነው። ቦታው 16 ሜትር በመንገዱ በኩል 25 ሜትር ደግሞ ወደ ውስጥ ነው። ችግሩ ቀያሽ ስንጠይቅ አንዱ የሚጠራው ዋጋ የሌላው እጥፍ ነው፣ አንዱ በቀን ይላል፣ አንዱ በነጥብ ይላል፣ ሶስተኛው ደግሞ "ሁለት ካርታ ሰርቼ እጃችሁ ላይ አስረክባለሁ" ብሎ የሚያስደነግጥ ብር ጠራ። ትክክለኛው ዋጋ የቱ ነው? አሁኑኑ እንቅጠር ወይስ ቢሮ ቀድመን እንሂድ? (እህታችሁ፣ ከየካ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ሁለተኛ፣ ሶስተኛውን ሰውዬ ተይው። የግል ቀያሽ ካርታ አይሰራም፣ ልኬት ነው የሚሰራው። ካርታ ላይ ማህተም የሚያሳርፈው መስሪያ ቤቱ ነው፣ ሰውዬው "ካርታ አስረክባለሁ" ሲልሽ ወይ ጉዳይ ገዳይ ነው ወይ ውስጥ ያለ ሰው አለኝ እያለሽ ነው፣ በሁለቱም መንገድ ከልኬቱ ሂሳብ ላይ "ለሻይ" የሚባለውን ቀላቅሎ ነው የጠራልሽ። ደረሰኝ የማይቆረጥለት ብር ነገ ነገሩ ቢበላሽ ከማን ትጠይቂበታለሽ?

ወደ ቅደም ተከተሉ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰው ብር የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ቀያሽ ይቀጥራል፣ ቆንጆ ስዕል ያሰራል፣ ከዛ ይዞት ክፍለ ከተማ ሲሄድ "ይሄ ቦታ በፕላኑ መሰረት አይከፈልም" ወይም "መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ከፊት ለፊት ይቆረጣል" ይባላል፣ ስዕሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል ብሩም ሄደ። ስለዚህ ቀያሽ ከመጥራታችሁ በፊት ሶስት ነገር አጣሩ። አንደኛ የአካባቢው ልማት ፕላን ስለዛ ቦታ ምን ይላል፣ ከተከፈለ በኋላ እያንዳንዱ ቁራሽ ሊያሟላው የሚገባ ዝቅተኛ ስፋትና የመንገድ መግቢያ አለ ወይ፣ ካለ ስንት ነው። ሁለተኛ ይዞታው ከእዳና እገዳ ነፃ ነው ወይ። አባታችሁ ባንክ አስይዘውት ከነበረ ባንኩ ሳይፈቅድ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ያልተከፈለ የቤትና የቦታ ግብር ካለም መጀመሪያ እሱ ይዘጋል። ሶስተኛ ይዞታው በካዳስተር (በመንግስት የይዞታ ልኬት መዝገብ) ተረጋግጦ ተመዝግቧል ወይስ ገና የድሮው ካርታ ላይ ነው። ከተመዘገበ የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት (የነጥቡን መገኛ የሚያሳየው የኤክስና ዋይ ቁጥር) መዝገብ ላይ ስላለ ስራው ቀላል ነው፣ ካልተመዘገበ ግን ከጎረቤት ጋር ያለው ወሰን ራሱ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት፣ እዛ ላይ ነው ጊዜ የሚበላው።

አሁን ዋጋው ለምን እንደዛ እንደሚለያይ። በነጥብ የሚጠራው ሰው አዲስ የሚተከለውን የወሰን ማዕዘን ነው የሚቆጥረው፣ በቀን የሚጠራው ደግሞ መሳሪያና ሰው ይዞ የሚመጣበትን ነው። ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን መሳሪያ) ይዞ የሚመጣ ቡድን ቢያንስ አንድ መሳሪያው ላይ አንድ ደግሞ ፕሪዝም (ነጥቡ ላይ የሚቆመውን አንፀባራቂ መስታወት) የሚይዝ ሰው አለው፣ መሳሪያው ከውጭ የሚገባ ነው፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ መሳሪያውም ኪራዩም መለዋወጫውም ወደላይ ነው የሄደው፣ ስለዚህ የዛሬ ሶስት አራት አመት ጎረቤታችሁ የከፈለውን ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ። ለ400 ካሬ የሜዳው ስራ ራሱ ብዙ አይደለም፣ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። የሚያስከፍለው ከሜዳው በፊትና በኋላ ያለው ነው፣ ማለትም ከታወቀ መነሻ ነጥብ ጋር ማያያዙ፣ ስዕሉን በአውቶካድ (በኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም) ማዘጋጀቱ፣ ከዛ ደግሞ ቢሮው ከወሰነ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ችካል መትከሉ።

ይሄ መመለሱ ነው ወሳኙ። እጥፍ የጠራው ሰውዬ ምናልባት ሁለቱንም ጉዞ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል፣ ርካሹ ደግሞ አንዱን ብቻ፣ ከዛ ለሁለተኛው ሲጠራ እንደገና ሂሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቂ "ስንት ነው" ብለሽ አትቁሚ። ችካል መትከል ውስጡ አለ ወይ፣ ቢሮው ማስተካከያ ቢያዝ ስዕሉን በነፃ ታስተካክላለህ ወይ፣ የኮኦርዲኔት ዝርዝሩንና የአውቶካዱን ፋይል ትሰጠኛለህ ወይ፣ ቫት ውስጡ ነው ወይ በይው። የመጨረሻዋ ቀልድ አይደለችም፣ 20 ሺህ ብሎ የጠራልሽ ሰው ደረሰኝ ሲቆርጥ 15 በመቶ ጨምሮ 23 ሺህ ይላል (ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት)። ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ ካለሽ ደግሞ ነገ ልኬቱ ላይ ስህተት ቢገኝ ማን እንደለካው የሚያሳይ ወረቀት አይኖርሽም። ፋይሉን የግድ ተቀበይ፣ ብዙ ሰው የታተመ ወረቀት ብቻ ይዞ ይቀርና ከአመት በኋላ ሌላ ቀያሽ እንደገና ከዜሮ ይለካለታል።

እሺ፣ ሌላው ሳትጠይቂኝ የምነግርሽ፣ እንዴት ነው የምትከፍሉት? 16 ሜትሩን ለሁለት ብላችሁ እያንዳንዳችሁ 8 በ25 ብትወስዱ ሁለታችሁም 200 ካሬ ነው፣ ሁለታችሁም መንገድ አላችሁ፣ አዲስ ማዕዘንም ሁለት ብቻ ነው የሚጨመረው። ግን 8 ሜትር ወርድ ጠባብ ነው፣ መስኮት ያለው ግድግዳ ከወሰን መራቅ ስላለበት የቤቱ ስፋት ይቀንሳል። ፊትና ኋላ ብላችሁ ከከፈላችሁ ደግሞ ለኋለኛው መግቢያ መተው አለበት። 3 ሜትር መግቢያ ብትተዉ የፊተኛው 13 ሜትር ወርድ ይቀረዋል፣ 200 ካሬ እንዲሞላለት 15 ሜትር ከ38 ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የኋለኛው 200 ካሬ ይባላል እንጂ 46 ካሬው መግቢያ ነው፣ ቤት የሚሰራበት 154 ብቻ ነው። ወረቀት ላይ እኩል ነው፣ ዋጋው ግን እኩል አይደለም። ወንድምሽ "እኔ ከኋላ ልሁን ፀጥ ይላል" ካለ ይሄን አስልታችሁ ልዩነቱን በብር ወይም በአሮጌው ቤት አካክሱት፣ ዛሬ ፍቅር እያለ ነው እንጂ ልጆቻችሁ ሲደርሱ ይሄ ነው የሚያጣላው። ደግሞ መግቢያው የማን ነው የሚለው በስምምነታችሁ ላይ በግልፅ ይፃፍ፣ የኋለኛው የግል ይዞታ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ መኪና ማቆም ይቻላል አይቻልም የሚለውን ጭምር ፃፉት፣ አትሳቁ፣ ስንት ወንድማማች በቪትዝ ምክንያት ተኮራርፏል።

ስምምነቱ ደግሞ በቤት ውስጥ ወረቀት አይሁን፣ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ስምምነት በፅሁፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መፅደቅ አለበት። ፀብ ስለሌላችሁ እድለኞች ናችሁ። የተጣላ ወራሽ ፍርድ ቤት ሲሄድ ቦታው ይከፈላል አይከፈልም የሚለውን ባለሙያ አይቶ አስተያየት እንዲያቀርብ ይታዘዛል፣ በአይነት አይከፈልም ከተባለ አንዱ የሌላውን ድርሻ በብር ያስቀራል፣ ካልሆነ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡን ይካፈላሉ። በሐራጅ የሚሸጥ ቤት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያወጣ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ እባካችሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለፈው አመት ሲኤምሲ አካባቢ ቤት ገዛሁ፣ አሁን ግማሹን ለልጄ ልከፍልለት አስቤ ካርታዬ ላይ ያለውን ኤክስና ዋይ ቁጥር ስልኬ ላይ ባለ አፕ አስገባሁት። ቦታዬ ከእኔ ግቢ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ርቆ የሰው ግቢ ውስጥ አሳየኝ! ካርታው ፎርጅድ ነው ማለት ነው? ተበላሁ? (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ይተኙ። ቢያንስ በዚህ ምክንያት ካርታዎ ፎርጅድ አይባልም። የሀገራችን ካርታዎች ለረጅም ዘመን የተሰሩት አዲንዳን በሚባል የመነሻ ስርአት ነው፣ ስልክዎ ደግሞ የሚያውቀው ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱ መሬትን የሚለኩበት መነሻ ስለሚለያይ የአዲንዳን ቁጥር ሳይቀየር ስልክ ላይ ሲገባ ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፣ አዲስ አበባ ላይ በአብዛኛው ወደ ደቡብ በጥቂቱ ደግሞ ወደ ምዕራብ። የእርስዎም እንደዛ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ቁጥሩን የሚቀይር ፕሮግራም አለ፣ ማንኛውም ሰርቬየር (ቀያሽ) በአንድ ደቂቃ ይሰራልዎታል፣ ለዚች ብቻ ብር የሚጠይቅዎ ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ግን ከተቀየረም በኋላ በስልክ ወሰን አይከለልም። የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ እንኳ ሶስት አምስት ሜትር ይሳሳታል፣ ፎቅና ቆርቆሮ መሀል ደግሞ ይብሳል። 20 በ20 በሆነ ግቢ አንዱ ወሰን 3 ሜትር ቢሳሳት 60 ካሬ ነው፣ ከ400 ካሬ ላይ 15 በመቶ። ቀያሹ የሚያመጣው መሳሪያ በሴንቲሜትር ነው የሚያወራው፣ የሚከፍሉት ለዛ ነው።

የካርታውን እውነተኛነት ማጣራት ከፈለጉ መንገዱ ሌላ ነው፣ ማህደሩ ያለበት ቦታ ሄደው በካርታ ቁጥሩ ፋይሉን ማስመርመር። ይሄ ደግሞ ቤቱን ከመግዛትዎ በፊት የሚደረግ ነገር ነበር፣ ብቻ አሁንም ቢሆን ልጅዎ ላይ ከማዞርዎ በፊት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያለሁት፣ ቦታዬ ቁልቁለት ነው። ካርታው ላይ ርዝመቱ 25 ሜትር ይላል፣ ራሴ በሜትር ከላይ እስከታች ለክቼ ልክ 25 መጣልኝ፣ ለእህቴ ለመክፈል ቀያሽ ስጠራ ግን "24 ከግማሽ ነው፣ ግማሽ ሜትር ይጎድልሃል" አለኝ። ከጎረቤቴ ጋር ተመሳጥሮ ነው እንዴ? ሌላ ቀያሽ ልቅጠር? እንደገና ብር ማውጣት ደግሞ... (ተናዳጅ አንባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀያሹ ትክክል የሆነ ይመስለኛል፣ ጎረቤትህ ደግሞ ገና አልታወቀም። ካርታ ላይ የሚፃፈው ርዝመትና ስፋት መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ከላይ ሲታይ ያለው ነው፣ አንተ የለካኸው ደግሞ ቁልቁለቱን ተከትለህ ነው። በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ላይ ሜትርህ 25 ካለህ አግድም ያለው 24 ሜትር ከ51 ነው። በካርታው ልክ 25 እንዲሆን በሜትርህ 25 ከግማሽ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ እውነትም ግማሽ ሜትር ጎድሎሃል፣ ወርዱ 12 ሜትር ቢሆን 6 ካሬ ገደማ ነው።

ወዴት ሄደ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እንጦጦ ስር ባሉ ሰፈሮች አጥር ሲሰራ ሰው እንዳንተ ቁልቁለቱን ተከትሎ ለክቶ አጥሮ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ጎድሎህ ሊሆን የሚችለው ማንም ሳይሰርቅህ ነው። ሌላ ቀያሽ ከመቅጠርህ በፊት የመጀመሪያውን የለካቸውን ነጥቦች ዝርዝር ጠይቀው፣ ከየትኛው መነሻ ነጥብ እንደተነሳ ጠይቀው፣ መብትህ ነው ከፍለህበታል። ዝርዝሩን ከሰጠህ ሌላ ባለሙያ ሜዳ ሳይወጣ ቁጭ ብሎ ሊያይልህ ይችላል፣ ያ በጣም ይረክሳል። አልሰጥም ካለህ ያኔ ነው መጠርጠር ያለብህ። አጥር ማፍረስና ክስ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን፣ ለ6 ካሬ ብለህ ጠበቃ ይዘህ ጉዳዩ አመት ሲጎተት ከካሬው በላይ ትከስራለህ። መጀመሪያ ጎረቤትህን ጥራውና ሁለታችሁ ባላችሁበት ይለካ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አዲስ አበባ በስሜ 500 ካሬ ነባር ይዞታ አለኝ፣ እናቴን እያስታመመች ያለችው ታናሽ እህቴ ናትና ግማሹን ልሰጣት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ቦታ ሲከፈል ፈቃድ ያለው ሰርቬየር ቀጥረህ ፕላት (የተከፈለውን ቦታ የሚያሳይ ስዕል) አሰርተህ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ያፀድቀዋል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። እዛ ግን ዘመድ "አንተ ብቻ ዶላሩን ላክ እኔ እጨርሳለሁ" እያለኝ ነው። ቀያሹ ስንት ሊወስድ ይችላል? (ከአሜሪካ)

መልስ፦ ለእህትህ ያሰብከው ነገር ደስ ይላል፣ ግን የቀያሹን ዋጋ ተወውና ከዛ የሚበልጠውን እንይ። በሊዝ አዋጁ፣ በቁጥር 721/2004፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ስርአት ነው የሚይዘው። ስጦታ ደግሞ ውርስ አይደለም። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን የአባቷን ስለወረሰች ነባሩ ይቀጥልላታል፣ ያንተ እህት ግን ግማሹን በስጦታ ስትወስድ የሊዝ ክፍያ ይመጣባታል፣ ይሄ ከማንኛውም የልኬት ሂሳብ ይበልጣል። በስሟ አዙረህ ከጨረስክ በኋላ ሳይሆን አሁን ሰፈሩ ያለበትን የሊዝ ዋጋ አስጠይቅ። የስም ማዛወሪያውም የቴምብር ቀረጥ አለው።

ዘመድህን በተመለከተ፣ ያለ ውክልና ምንም አይጨርስም፣ "ጠቅላላ ውክልና" ብትሰጠውም አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ህጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማስተላለፍ ልዩ ውክልና ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ ይዞታውን ለማስከፈል፣ ለማስለካት፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህል ካሬ ለእከሊት በስጦታ ለማስተላለፍ ተብሎ ይዘርዘር። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ካረጋገጠልህ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ይዞረዋል። እንደኔ እንደኔ ልኬቱ ላይ ራሷን እህትህን ወክላት፣ ግቢው ውስጥ ያለችው እሷ ናት፣ ወሰኑንም ጎረቤቱንም የምታውቀው እሷ ናት፣ ስጦታውን ግን ተቀባይዋ ራሷ ስለሆነች በሰጪ ስም ሌላ ሰው ይፈርም። ዶላሩን ደግሞ በአንዴ አትላክ፣ የመስሪያ ቤቱ አገልግሎት ክፍያ በደረሰኝ ነው የሚከፈለው፣ የደረሰኙ ፎቶ ሲመጣልህ የሚቀጥለውን ላክ። የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ከተካፈልን በኋላ ቀያሹ የተከለውን እንጨት ችካል የሰፈር ልጆች ይሁኑ ጎረቤት አላውቅም ነቅለውታል። እንደገና ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ? (ከኮተቤ)

መልስ፦ የነጥቦቹ ኮኦርዲኔት ካለሽ አትከፍይም፣ ወይም መክፈል የለብሽም። ቦታውን እንደገና መለካት አይደለም፣ የታወቀውን ነጥብ መልሶ መሬት ላይ ማሳየት ነው፣ ያው ቀያሽ ከሆነ መሳሪያና ትራንስፖርት ብቻ ነው የሚያስከፍልሽ። በዚህኛው ዙር ግን የእንጨቱን ነገር እርሺው፣ 12 ወይም 14 ቁጥር ፌሮ ግማሽ ሜትር አስቆርጠሽ ጉድጓድ ውስጥ አቁመሽ ኮንክሪት ሙይበት፣ ጫፉ ከመሬት ትንሽ ብቅ ይበል። የስሚንቶ ግማሽ ከረጢት ነገር ነው። ቀያሹ እያለ ወንድምሽና በወሰኑ ያለው ጎረቤት ቆመው ይዩ፣ ፎቶም አንሺ፣ ከኋላ አጥሩ ወይም የቤቱ ጥግ እንዲታይ አድርገሽ።